እንኳን አብሮ ደስ ያለን

በአገራችን አንድ ሰው መልካም ነገር ባገኘ ጊዜ፥ ልጅ ሲወለድለት፥ ልጁን ሲድር፥ ትምህርቱን ሲፈጽም ወይም ከደዌው ሲፈወስ፥ ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ወደ ቤቱ መጥቶ «እንኳን ደስ ያለህ!» ይለዋል። እርሱም ሲመልስ በምስጋና ብቻ አያቆምም፤ «እንኳን አብሮ ደስ ያለን!» ይላል እንጂ። ይህ መልስ ከልጅነታችን ጀምሮ በአፋችን የለመደ ስለ ሆነ ትርጕሙን ቆም ብለን የመረመርነው ጥቂቶች ሳንሆን አንቀርም። ነገር ግን በጥሞና ለተመለከተው ትልቅ ትምህርት ያለበት ቃል ነው። ባለ ደስታው ሰው ደስታውን ለብቻው አያስቀረውም፤ ደጁን ረግጦ ለመጣው ሁሉ ወዲያው ያካፍለዋል። ያካፈለውም አይጐድልበትም፤ ይልቁንም ይበዛለታል።

ሌላም ነገር አለ። እኛ «ደስ አለኝ» እንላለን፤ «ራበኝ»፥ «ጠማኝ»፥ «በረደኝ» እንደምንል ማለት ነው። አነጋገራችን ራሱ ደስታን ሰው እንደ ዕቃ ገዝቶ የሚይዘው ሳይሆን እንደ እንግዳ ወደ ሰው የሚመጣ አድርጎ ያሳየናል። እንግዳን በግድ ጐትተው አያመጡትም። ቢሆንም ቤትን ጠርጎ፥ ደጅን ከፍቶ፥ ምድጃን አሙቆ መጠበቅ ይቻላል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፦ ደስታ የሚያዘወትረው ቤት የቱ ነው? መጥቶስ ቶሎ እንዳይሄድ ምን ብናደርግ ይሻላል? ምሳሌውንም ከሩቅ አገር ሳይሆን ብዙዎቻችን ከምናውቀው ከአራዳና ከፒያሳ እንወስዳለን።

ቶሎ የሚያልፈው ደስታ

ፒያሳ ለብዙ ዘመን የወርቅ ቤቶች ሰፈር ሆና ኖራለች። ለጋብቻ የተዘጋጁ ወጣቶች ቀለበታቸውን ለመምረጥ ከልዩ ልዩ ቀበሌ ወደዚያ ይመጡ ነበር። ከመስታወቱ ፊት ቆመው ይህ ይሻላል፥ ያ ይሻላል እየተባባሉ ሲመርጡ ያየ ሁሉ በእነርሱ ደስታ ራሱም ፈገግ ሳይል አያልፍም። ዳሩ ግን ያው ቀለበት በጣት ላይ ጥቂት ወራት ከቈየ በኋላ ባለቤቱ እንኳ ልብ ብሎ አያየውም። ወርቁ አልደበዘዘም፤ የለመደው ዓይኑ ነው። ከዓመታት በኋላ ያን ቀለበት ውድ የሚያደርገው ወርቅነቱ ሳይሆን በጣቱ ላይ ያጠለቀችለት እጅ ከእርሱ ጋር መኖሯ ነው።

ሰው የለመደውን ነገር እንደሚረሳ የውጭ አገር ሊቃውንትም መርምረው ጽፈዋል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ. ም. ፊሊፕ ብሪክማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ትልቅ የሎተሪ ዕጣ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ጠይቆ ነበር። መልሳቸውንም ዕጣ ካልደረሳቸው ሰዎች መልስ ጋር ሲያስተያይ፥ ባለ ዕጣዎቹ ይህን ያህል የሚበልጥ ደስታ አልተገኘባቸውም። እንዲያውም ከወዳጅ ጋር መጫወትን በመሳሰለው በየዕለቱ በሚገኝ ትንሽ ነገር የሚሰማቸው ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የተጠየቁት ሰዎች ቍጥር ጥቂት ቢሆንም የተገኘው ነገር ግን ሁላችን በየቤታችን ከምናየው ጋር የሚስማማ ነው።

ይህን ስንል ድህነት በራሱ ደስታ ነው ማለታችን አይደለም። ጣራው በሚያፈስ ቤት ውስጥ በክረምት ሌሊት ልጆቹን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሲያዛውር ለሚያድር አባት፥ ለብዙ አባወራ በተሠራ አንድ መጸዳጃ ደጅ ተራ ለሚጠብቅ ሽማግሌ፥ ደኅና ቤት ማግኘት እውነተኛ ደስታ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ችግርን ያላየ ነው። የምንለው ይህ ብቻ ነው፦ ቤትና ንብረት ጭንቀትን ያርቃሉ፤ ጭንቀት በራቀበት ስፍራ ግን ደስታ ሳይጠሩት ገብቶ አይቀመጥም።

እንግዶች የሠሩት ሰፈር

አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ከ1879 ዓ. ም. ወዲህ አራዳ የከተማዪቱ ልብ ሆና ቈይታለች። «ሰፈር» የሚለው ቃል ራሱ ከመስፈር የመጣ ሲሆን፥ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ድንኳን ተክለው የሰፈሩበት ቦታ ቀስ በቀስ መንደር፥ መንደሩም ከተማ ሆነ። በዛፉ ጥላ ሥር ትልቁ ገበያ ይቆም ነበር፤ በዚያው ዳኝነት ይታይ፥ ዐዋጅም ይነገር ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት የዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ፥ ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ዓድዋ የዘመተው የአራዳው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዛሬ የምናየው ባለ ስምንት ማዕዘን ሕንፃ ተሠራለት። በ1909 ዓ. ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፥ በ1923 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በጠላት ወረራ ዘመን በ1929 ዓ. ም. ተቃጠለ፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ ታደሰ። ጣሊያኖች ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ ወስደው ዛሬ መርካቶ የምንለውን መሠረቱ፤ አሮጌውንም ስፍራ «አደባባይ» ለማለት በቋንቋቸው ፒያሳ አሉት። ጠላት ሄደ፤ ስሙ ግን ቀረ።

አሁን አንባቢያችን አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። በዚህ ሰፈር መጀመሪያ የሰፈሩት ሰዎች ዘመዳሞች አልነበሩም። አንዱ ከጉራጌ፥ አንዱ ከመንዝ፥ ሌላው ከወለጋ፥ ሌላው ከትግራይ ወይም ከጎጃም የመጣ ነበር። የውጭ አገር ሰዎችም፥ አርመኖችና ግሪኮች፥ ሕንዶችና የመኖች በመካከላቸው ሱቅ ከፍተው ይኖሩ ነበር። በአገሩ ቢሆን ሲታመም የሚያስታምመው፥ ሲሞት የሚቀብረው ወገን ነበረው፤ በከተማ ግን ማን አለው? ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ዕድር የከተማ ልጅ ነው፤ የተወለደውም ከዚህ ጥያቄ ነው። ከዘመዳቸው የራቁ ሰዎች ተሰብስበው «እኔ ብሞት አንተ ትቀብረኛለህ፥ አንተ ብትሞት እኔ እቀብርሃለሁ» ተባባሉ።

የዕድርን አሠራር ሁላችን እናውቀዋለን። በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይዋጣል፤ በእርሱም ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ድስትና ሰሐን ይገዛል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ተነሥቶ በየመንገዱ ይጣራል። ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶቹ ወጥ ይሠራሉ፤ ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን አብረውት ይቀመጣሉ። የቀረ ይቀጣል። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ የሰፈር ዕድር የሚጻፍበት ቦታም ብዙ ነው። ከዕድሩም ጋር ዕቍብ አለ፤ በወር አንድ ቀን በቅዱሱ ስም የሚጠጣው የጽዋ ማኅበር አለ፤ በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚቀመሰው ሰንበቴ አለ፤ ጧትና ማታ ደግሞ በየተራ የሚፈላው ቡና አለ። ከእነዚህ ሁሉ አንዱም «ደስታ ማግኛ» ተብሎ አልተቋቋመም። ዕድር የተቋቋመው ለሞት ነው፥ ዕቍብም ለችግር። ነገር ግን ሰዎቹ ለኀዘን ብለው የሠሩት ቤት ሳያስቡት የደስታም ማደሪያ ሆነላቸው።

ከ2016 ዓ. ም. ወዲህ

ይህን ሁሉ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 ዓ. ም. የካቲት ወር በፒያሳ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ። በዚያው ሰሞንም የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀምሮ ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ አሮጌ መንደሮች ፈረሱ። መንገዱ ሰፋ፥ መብራቱ በዛ፤ በዚያ ለብዙ ዘመን የኖሩ ሰዎች ደግሞ ወደ ከተማዪቱ ዳር ዳር ተዛውረው ሌላ ኑሮ ጀመሩ። ስለ ሥራው ጥቅምና ጉዳት ብዙ ተብሏል፤ የኛ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በሰዎቹ ልብ ውስጥ የሆነውን ነው።

ወር በገባ በ23ኛው ቀን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቅዳሴ በኋላ ከግቢው ዛፍ ሥር ከአንዲት እናት ጋር ተቀምጠን ተጫወትን። ልጆቻቸውን ወልደው ያሳደጉበት ቤት ከፈረሱት አንዱ ነበር። ዛሬ የሚኖሩት በኮንዶሚኒየም ነው። እኛም፥ «እማማ፥ አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ቤቱስ እግዜር ይመስገን ደኅና ነው» አሉን። «ውሃው ከቤት ውስጥ ይወርዳል፤ መጸዳጃው የብቻዬ ነው። በድሮው ቤት ይህን መቼ አየሁት? ግን ልጄ፥ ደጄን የሚያንኳኳ የለም። ቡናውን አፍልቼ ማንን ልጥራ? አንድ ሲኒ ብቻ ማቅረብ አልለመድኩም።»

ስለዚህ በየወሩ በ23 ቀን ሁለት ታክሲ ይዘው፥ እርጅናቸውን ሳያስቡ ወደ አራዳ ይመጣሉ። ጐረቤቶቻቸው የነበሩትም ከየተበተኑበት ይመጣሉ። ሲገናኙ ይሳሳማሉ፥ የሞተውን ያነሣሉ፥ የተወለደውን ይመርቃሉ፤ ከዚያም ወደየቤታቸው ይለያያሉ። የእኚህ እናት ቤት ተሻሽሏል፤ ደስታቸው ግን ገና ዕቃውን ጠቅልሎ አልመጣም።

ይህ ነገር በሌላም አገር ደርሷል። በለንደን ከተማ በምሥራቅ በኩል ቤትናል ግሪን የሚባል የድሆች ሰፈር ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ቤተ ሰቦች ከዚያ ወጥተው ከከተማው ውጭ ወደ ተሠራ አዲስ መንደር ተዛወሩ። ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ሰዎቹን በሁለቱም ስፍራ ጠይቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1957 ዓ. ም. መጽሐፍ አወጡ። ሰዎቹ በአዲሱ መንደር ያገኙት ቤት የተሻለ፥ የአትክልት ቦታ ያለው ነበር፤ ለልጆቻቸውም ጤና ሲሉ ወድደው ሄዱ። ነገር ግን እናትና ልጅ በየቀኑ መተያየታቸው ቀረ፤ ጐረቤት ጐረቤቱን የሚመዝነው በጠባዩ ሳይሆን በቤቱ ባስገባው ዕቃ ሆነ። የሰውን ስም የማያውቅ ሰው ከመጋረጃው ሌላ የሚያይበት ነገር የለውምና።

በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የኮንዶሚኒየም ቤት ለብዙዎች የደረሰው በዕጣ ነው። ዕጣ ሰውን በስሙ ይጠራል እንጂ ጐረቤቱን አይጠራም። አንዱ ወደ ምሥራቅ፥ አንዱ ወደ ደቡብ ይወጣል። ስለዚህ ሠላሳና አርባ ዓመት የተገነባው ጉርብትና በአንድ ቀን ይበተናል፤ ያውም ማንም ማንንም ሳይጠላ።

ሊቃውንት ከብዙ ዓመት በኋላ ያገኙት

በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1938 ዓ. ም. ጀምሮ የሰዎችን ሕይወት ሲከታተሉ ኖረዋል። ከጊዜ በኋላ በአንድ ጥናት የተጠቃለሉት ሰዎች 724 ነበሩ፤ ከእነርሱም 268ቱ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች፥ 456ቱ ደግሞ ከቦስተን ከተማ የድሆች ሰፈር የተገኙ ልጆች ናቸው። ሊቃውንቱ እየሞቱና በሌሎች እየተተኩ፥ ሰዎቹን ከወጣትነት እስከ እርጅና ጠየቋቸው፤ ጤናቸውንም መረመሩ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ያገኙት መልስ አያቶቻችን ከሚያውቁት የራቀ አይደለም። በእርጅና ጤነኛና ደስተኛ ሆኖ ለመገኘት ከሀብትና ከዝና ይልቅ ከሰው ጋር ያለ መልካም ግንኙነት ይበልጣል። በ50 ዓመታቸው ከቤተ ሰብና ከወዳጅ ጋር ባላቸው ኑሮ የረኩት ሰዎች በ80 ዓመታቸውም የተሻለ ጤና ነበራቸው፤ ይህም በደማቸው ከተገኘው የስብ መጠን ይልቅ የኋላ ጤናቸውን አመለከተ።

ሌላው ደግሞ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2008 ዓ. ም. ኤሊዛቤት ደን የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፥ በካናዳ አገር ለአንዳንዱ ሰው 5 ዶላር፥ ለአንዳንዱ 20 ዶላር በጧት ተሰጥቶ እስከ ማታ እንዲያጠፋው ተነገረው። ግማሾቹ ለራሳቸው፥ ግማሾቹ ለሌላ ሰው እንዲያውሉት ታዘዙ። ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ያዋሉት የበለጠ ደስ ብሏቸው ተገኙ፤ 5 ሆነ 20 ልዩነት አላመጣም። እንግዲህ ድሃው እናት ለጐረቤቷ ልጅ የምትቈርሳት ዳቦ ከባለጠጋው ግብዣ የማታንስ ደስታ እንደምትሰጥ በዚህ እናውቃለን። ሰው ደስ የሚለው የሚወድደው በማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ ለሌላው የሚያስፈልግ ሰው መሆኑን ባወቀ ጊዜ ጭምር ነው። እኒያ እናት «ማንን ልጥራ?» ያሉት ቡና አጥተው አልነበረም፤ የሚያጠጡት ሰው ስላጡ ነው።

ደስታን ስለ መዝራት

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰፈሩ ፈርሷል፤ ያለፈውን እያሰቡ መቈዘም ቤት አይሠራም። መልሱን የሚሰጡን ራሳቸው የመጀመሪያዎቹ የአራዳ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ተፈናቃዮችና እንግዶች ነበሩ፤ ጉርብትናን አልወረሱትም፥ ሠሩት እንጂ። ከድንኳን ሰፈር የተወለደ ፍቅር ከፎቅ ሰፈር የማይወለድበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ለየቤተ ሰቡ ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

ከሁሉ አስቀድሞ፥ ደጅን የሚያንኳኳ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። ቀድሞ የገባው ኋላ የመጣውን ይጥራ፤ ማንም ካልጠራ ግን ኋላ የመጣው ቡናውን አፍልቶ ይጥራ። በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ስም ለስም ሳይተዋወቁ ዓመት ሊሞላቸው አይገባም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት» ያሉት አባቶቻችን ጐረቤት በግድግዳ መገናኘት ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ነበር።

ሁለተኛ፥ ዕድር በሌለበት ሕንፃ ዕድር ይቋቋም፤ ባለበትም ወጣቶች ይግቡ። ብዙ ወጣቶች «ገንዘቡን ልክፈል፥ ከመቀመጥ ግን አድኑኝ» ሲሉ እንሰማለን። ገንዘቡ ድንኳን ይገዛል፤ ኀዘንተኛውን የሚያጽናናው ግን የተቀመጠው ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሦስተኛ፥ አሮጌው ማኅበር አይበተን። ወደ ሩቅ ስፍራ የሄደ ሰው በወር አንድ ቀን መምጣት ባይችል በሁለት ወር ይምጣ፤ ያረጁትን ጕልበት ያለው ልጅ ይዟቸው ይሂድ። አያቱን በ23 ቀን ወደ አራዳ የሚያደርስ ልጅ የታክሲውን ዋጋ ብቻ የከፈለ አይምሰለው፤ ለአያቱ የአንድ ወር ስንቅ ሰጥቷቸዋል። ለአዲሱም ሰፈር የሚቀርበውን ቤተ ክርስቲያን ፈልጎ መልመድ፥ የንስሐ አባትን ማሳወቅ ይገባል።

አራተኛ፥ ማታ ማታ ቤተ ሰቡ በማዕድ ዙሪያ ሲቀመጥ እያንዳንዱ በዕለቱ ያገኘውን አንድ መልካም ነገር ይናገር፤ ሕፃኑም ጭምር። «ተመስገን» ማለት የምላስ ልማድ ብቻ ሆኖ ሲቀር ይደርቃል፤ ስለ ምን እንደሚመሰገን ለይተው ሲናገሩት ግን የለመደው ዓይን እንደገና ያያል። ከውሃው ቧንቧ እስከ እናት እጅ ድረስ የረሳነው ነገር ብዙ ነው።

በመጨረሻም፥ ዘላቂ ደስታ ማለት ኀዘን የሌለበት ኑሮ ማለት አይደለም። ቤቱ ለፈረሰበት ሰው «አትዘን፥ ደስ ይበልህ» ማለት ምክር ሳይሆን ጭካኔ ነው። ይዘን፤ ግን ብቻውን አይዘን። ኀዘኑ ከብዶት እንቅልፍና ምግብ የከለከለው፥ ሰውም የሸሸ ቢኖር ወዳጆቹ ዝም አይበሉት፤ ከጸሎቱና ከምክሩ ጋር ወደ ሐኪምም ይውሰዱት። ይህ ነውር አይደለም።

ከእኚያ እናት ስንለያይ ወደ አዲሱ ቤታቸው እንድንመጣ አጥብቀው ለመኑን፤ እኛም በሳምንቱ ሄድን። ደረጃውን ወጥተን ደጁን ስናንኳኳ ከውስጥ የሰው ድምፅ ሰማን። ከፎቅ በላይ ያለችው ወጣት ሚስት ሕፃኗን ታቅፋ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅዋ በሌሊት ሲያለቅስ ሰምተው እሳቸው ወጥተው ስለ ጠየቋት እንደ ሆነ ነገሩን። አራስ ናት፤ እናቷም በሩቅ አገር ናቸው። እኛም እንደ ወጉ ለሕፃኑ እናት «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አልናት። እርሷ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ስትል፥ እማማ ሲኒውን ወደ እኛ እያቀረቡ በእርሷ ፈንታ መለሱልን፦

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን።»